ከደመወዝ በፊት ፊርማ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በአሰላ ከተማ በሚገኝ ጋራዥ ስድስት ዓመት ሠርቶ በየካቲት የለቀቀ መካኒክ ነው። ሁለተኛዋ ቀድሞ የወረዳ ዳኛ የነበሩ፣ አሁን በጥብቅና የሚሠሩ የእናቱ ጎረቤት ናቸው።

መካኒኩ፦ እንደምን ዋሉ እትዬ? እናቴ ናት የላከችኝ። «ይህን ወረቀት እሳቸው ሳያዩት እንዳትፈርም» ብላኝ ነው።

ጠበቃዋ፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ፣ ተቀመጥ። እናትህ ልክ ናት። እስቲ አምጣው። «…በሥራዬ ጉድለት ምክንያት በደንበኛ ኮምባይነር ላይ ለደረሰው ጉዳት ብር 180,000 ዕዳ ያለብኝ መሆኑን አምኜ፣ በየወሩ ልከፍል ተስማምቻለሁ…» ይህን ማን ጻፈው?

መካኒኩ፦ የጋራዡ ባለቤት አስጽፎት ነው። እኔ የለቀቅሁት በየካቲት ነበር፤ ይኸው ግንቦት ገባ። የመጨረሻ ወር ደመወዜን አልሰጠኝም፣ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ አልታሰበልኝም፣ ክሊራንስም ከልክሎኛል። «ፈርም፤ የዚያኑ ቀን ሁሉንም ትወስዳለህ» ይለኛል።

ጠበቃዋ፦ አለቃቀቅህስ እንዴት ነው? ጥለህ ወጣህ ወይስ አስታውቀህ?

መካኒኩ፦ በጽሑፍ አስታውቄ፣ ሠላሳ ቀኑን ሞልቼ ነው የወጣሁት። ተቀብያለሁ ብሎ የፈረመበት ቅጂ በእጄ ነው። የመሣሪያ ሣጥኑንም ቆጥሬ አስረክቤያለሁ።

ጠበቃዋ፦ ጥሩ አድርገሃል። አሁን ስለ ኮምባይነሩ ንገረኝ። እኔ ስለ ሞተር ብዙ ስለማላውቅ አታሳጥርብኝ።

መካኒኩ፦ ኮምባይነሩ የአንድ ባለሀብት ነው። እንደሚያውቁት አጨዳው ከቆላው ይጀምራል። በዴራ በኩል ስንዴው ቀድሞ ይደርሳል፣ ከዚያ ማሽኑ ወደ ኢተያ፣ ወደ ሳጉሬ እያለ መጨረሻ ላይ በቆጂ ይወጣል። ኪራዩ በኩንታል ስለሆነ ቆሞ የዋለበት ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው። በታኅሣሥ ውኃና ዘይት እየቀላቀለ መጣልን። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ክዳን፣ ሳወርድ በመካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። ቴስታታው ተፈተሸ፣ አልጠመመም። አዲሱን ጓርኒሲዮን የጋራዡ ባለቤት ራሱ ገዝቶ አመጣ፤ ኦሪጅናል አልነበረም። ነገርኩት። «ደንበኛው ዛሬ ማታ ነው የሚፈልገው፣ ዝም ብለህ ግጠም» አለኝ።

ጠበቃዋ፦ በቃል ነው የነገርከው?

መካኒኩ፦ በቃል ነው። ሌላም ነገር አለ። የቴስታታ ቡሎን እንዳገኙ አይጠበቅም። ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር እየተወጣ፣ በሁለት ሦስት ዙር ነው የሚጠበቀው፤ ሁሉም ቡሎን እኩል ጉልበት ማግኘት አለበት። ለዚህ ልኩን በቁጥር የሚያሳይ ቶርክ መክፈቻ አለ። የጋራዣችን ከተሰበረ ቆይቷል፤ ይገዛ ብለን ደጋግመን ጠይቀናል። ስለዚህ በክንዴ ግምት አጠበቅሁት።

ጠበቃዋ፦ ከዚያስ?

መካኒኩ፦ ወጣ፣ ሠራ። ወር ያህል ሲያጭድ ቆየ። በጥር መጨረሻ በቆጂ አጠገብ ማሳ ውስጥ ሞተሩ ነከሰ፣ ተጣብቆ ቆመ። የማሽኑ ረዳት እንደነገረኝ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ከደረሰ ቆይቶ ነበር፤ ኦፕሬተሩ ግን «ይህችን ማሳ እንጨርስና እናያለን» ብሎ ቀጠለ። ራዲያተሩ በገለባ ተደፍኗል። ስንዴ ሲታጨድ ገለባና አቧራ ራዲያተሩን ይሸፍነዋል፤ በየጊዜው በንፋስ ካልጸዳ አዲስ ሞተርም ቢሆን ይነክሳል። ማሽኑ ተጎትቶ ሲገባ ጓደኛዬ በስልኩ ፎቶ አንሥቶታል። ከሞተሩ የወጣውንም ጓርኒሲዮን አስቀምጦልኛል።

ጠበቃዋ፦ እሱ ጓርኒሲዮን እንዳይጠፋ። ምን ያሳያል?

መካኒኩ፦ ጥብቀቱ ላልቶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ሞተሩ ከልኩ በላይ ከሞቀ ደግሞ ቴስታታው ራሱ ይጠማል። በታኅሣሥ ያልጠመመው ቴስታታ አሁን ጠሟል።

ጠበቃዋ፦ ደህና። አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኮምባይነሩ ባለቤት የተዋዋለው ከማን ጋር ነው?

መካኒኩ፦ ከጋራዡ ጋር። ደረሰኙም በጋራዡ ስም ነው። እኔን በስም እንኳ አያውቀኝም።

ጠበቃዋ፦ የነገሩ ሥር እሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2610 ለዋጋ አንድ ውጤት ሠርቶ ለማስረከብ፣ በራሱ ኃላፊነት ስለሚዋዋል ሰው ይናገራል። ለኮምባይነሩ ባለቤት እንዲህ ብሎ የተዋዋለው ጋራዡ ነው። ዋጋውን የተቀበለው፣ ዕቃውን የመረጠው፣ ሰዓቱን የቆረጠው እሱ ነው። አንተ ለጋራዡ የሰጠኸው ጉልበትህንና ሙያህን ነው፤ የተከፈለህም የወር ደመወዝ ነው። ሥራው ሲያምር ትርፉ ላንተ አይጨመርም ነበር። አንቀጽ 2130 ደግሞ ሠራተኛ ሥራውን ሲሠራ በሚያደርሰው ጥፋት አሠሪው ኃላፊ እንደሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ባለሀብቱ የሚጠይቀው ጋራዡን ነው። ጋራዡ ያንን ጥያቄ እንዳለ አጣጥፎ ወዳንተ ኪስ ሊያስተላልፈው አይችልም።

መካኒኩ፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ምናልባት በእርግጥ አንዷን ቡሎን አላልቼ ቢሆንስ? ያኔስ እኔ አይደለሁም ከፋዩ?

ጠበቃዋ፦ ይህን መጠየቅህ ጥሩ ሰው መሆንህን ነው የሚያሳየው፤ ባለዕዳ መሆንህን ግን አያሳይም። ጥፋት ደረጃ አለው። የሥራ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 27 ላይ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱን ሲያስቀምጥ በንብረት ላይ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ ይላል። እያንዳንዱን ስሕተት አላለም። የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 2031 ደግሞ ባለሙያን የሚለካው በሙያው ደንብ ነው፤ በሙያህ ሰዎች ዘንድ የታወቀውን ግዴታ ሳታውቅ ወይም ችላ ብለህ ከሆነ ትጠየቃለህ። እንግዲህ ራስህን በዚህ ለካ። ልኩን የሚያሳየውን መክፈቻ የከለከለህ ማን ነው? ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም ያለው ማን ነው? ቡሎኑን ሳታጠብቅ ትተህ ሻይ ለመጠጣት ብትወጣ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

መካኒኩ፦ ታዲያ መካከለኛ ስሕተት ቢሆንስ? ከባድም ያልሆነ፣ ከነጭራሹ ንጹሕም ያልሆነ?

ጠበቃዋ፦ ይህ ጥያቄ ከኛ አገር ውጭም ዳኞችን ያከራከረ ነው። እንግሊዝ አገር ሊስተር የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወደኋላ ሲነዳ ረዳቱን ገጨ፤ ረዳቱ የገዛ አባቱ ነበሩ። ለአባትየው ካሳውን የከፈለው የአሠሪው ኢንሹራንስ ነው፤ ከፍሎ ሲያበቃ በአሠሪው ስም ልጁን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1957 ጉዳዩ እስከ መጨረሻው ችሎት፣ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ልጁ ይክፈል ተባለ። ፍርዱ ብዙ ሰው ቅር አሰኘ፤ በኋላም ኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይህን መብት በሠራተኛ ላይ ላለመጠቀም እርስ በርስ ተስማሙ። በዚያው ዓመት የጀርመን የፌዴራል የሥራ ፍርድ ቤት በሌላ መንገድ ሄደ። አደገኛ ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ቀላል ስሕተት አያስከፍልም፤ መካከለኛው በሁለቱ መካከል ይከፋፈላል፤ ከባዱና ሆን ተብሎ የተደረገው በመሠረቱ የሠራተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን በአሠሪ ትእዛዝ ለሚሠራ ሥራ ሁሉ አደረጉት።

መካኒኩ፦ የኛ አዋጅስ?

ጠበቃዋ፦ አዋጃችን ውስጥ እንደ ጀርመኖቹ በሦስት የተከፈለ ሠንጠረዥ አታገኝም። መኖር ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ሠንጠረዡ ስለሌለ ነው አሠሪዎች ባዶውን ቦታ በእንዲህ ያለ ወረቀት የሚሞሉት። አርሲ ደግሞ ማሽን ያለ ደንብ ሲገባ የሚሆነውን ቀድማ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት እዚህ ሲቋቋም የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። ትራክተሩ ግን ለባለመሬቱ ተመቸ፤ መሬቱን ራሱ ማረስ ሲያዋጣው ጭሰኛውን አስነሣው። አያትህን ብትጠይቅ ይነግርህ ነበር። ማሽን በገባ ቁጥር ትርፉ ወደ አንዱ፣ ጉዳቱ ወደ ሌላው እንዳይሄድ የሚጠብቅ ደንብ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

መካኒኩ፦ ሠንጠረዥ ከሌለ ታዲያ የኔን ጥፋት ማን ነው የሚለካው? እሱ 180,000 ብሎ ለካው።

ጠበቃዋ፦ እሱ ሊለካው አይችልም። ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት፤ የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 2001 ነው። ጥፋትህን፣ ጉዳቱን፣ ጉዳቱ ከጥፋትህ መምጣቱን ፍርድ ቤት ቀርቦ በማስረጃ ያሳይ። የ180,000 ብሩን ዝርዝር አሳየህ?

መካኒኩ፦ የሞተሩ ዕቃ፣ የጉልበት ዋጋ፣ ማሽኑ ቆሞ የዋለበት ቀን ኪራይ ነው አለኝ። በወረቀት አላሳየኝም።

ጠበቃዋ፦ ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ ቀይ እያየ ማሽን የነዳ ኦፕሬተር ያጠፋውም አብሮ ተቆጥሮብሃል ማለት ነው። ፍርድ ቤት ባለሙያ አዝዞ ሞተሩንና ጓርኒሲዮኑን ሊያስመረምር ይችላል። እዚሁ አሰላ ስለ እርሻ መሣሪያ የሚያጠና የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል ያለበት ከተማ ውስጥ ነን፤ ስለ ኮምባይነር የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ደመወዝህ እንምጣ። የሥራ ውል ሲቋረጥ ክፍያው በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፣ የሥራ አዋጁ አንቀጽ 36። ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ እንዲጨምር ሊወሰንበት ይችላል። ሊያዘገይ የሚችለው አንተ በራስህ ጥፋት የእሱን ንብረት ሳትመልስ ብትቆይ ነበር፤ አንተ ግን አስረክበሃል። ከደመወዝህ ላይ እንደፈለገ መቁረጥ ወይም ማቻቻልም አይችልም። አንቀጽ 59 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ አይቆረጥም ይላል። ቢቆረጥ እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት የሚለውን ልብ በል። ይህን ወረቀት ብትፈርም ዛሬ የሌለውን ሥልጣን በእጅህ ሰጠኸው ማለት ነው። ሳይፈረም ግን ለኛ ይጠቅመናል፤ ደመወዝህን ለፊርማ መያዣ እንዳደረገው ያሳያል።

መካኒኩ፦ ዋሴን ደውሎ አስደንግጧቸዋል። የአክስቴ ባል ናቸው፤ ሳጉሬ ያስተምራሉ። ስቀጠር እኔን ለማስገባት ብለው ነው የፈረሙልኝ። «ደመወዝዎ ላይ እግድ አስወጣለሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ዓይኔን ማየት አልቻለችም።

ጠበቃዋ፦ የዋስትናው ወረቀት ምን ይላል? ቅጂ አለህ?

መካኒኩ፦ በስልኬ አለ። ይኸው። «ለሚያደርሰው ማናቸውም ጉዳትና ጉድለት በዋስትና ኃላፊ ነኝ።»

ጠበቃዋ፦ ገንዘቡስ? እስከ ስንት ብር?

መካኒኩ፦ አልተጻፈም።

ጠበቃዋ፦ ለአክስትህ ባል ዛሬውኑ ደውልላቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስ የሆነበት የገንዘብ መጠን ከፍተኛው ልኩ ካልተጠቀሰ ዋስትናው ውጤት የለውም ይላል። «ለማናቸውም ጉዳት» ብሎ ቁጥር ያልጻፈ ዋስትና ሰውን አያስርም። ይህን በየወረዳው ስንት አስተማሪ፣ ስንት ጡረተኛ ቢያውቀው ኖሮ! እኔ ዳኛ በነበርኩበት ጊዜ ያስለቀሱኝ ተከሳሾቹ ሳይሆኑ ዋሶቹ ነበሩ። ለሰው ልጅ እንጀራ ብለው ፈርመው፣ ልጁ ጠፍቶ እነሱ ችሎት የሚቆሙ ሽማግሌዎች ነበሩ።

መካኒኩ፦ ሽማግሌ ሲሉኝ አስታወሱኝ። የጋራዡ ባለቤት ሰዎች ልኮብኛል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ የሰፈራችን ጃርሳ ናቸው። እሑድ በጃርሱማ እንጨርሰው እያሉ ነው። እምቢ ማለት ይከብደኛል።

ጠበቃዋ፦ እምቢ አትበል። ሂድ፣ አክብራቸው፣ የነገርከኝን ሁሉ ንገራቸው፤ ፎቶውንም አሳያቸው። በሽምግልና ስንት ጉዳይ በሰላም ሲያልቅ አይቻለሁ። ነገር ግን ዕርቅ በጽሑፍ ከሆነና ከተፈረመ በሕግ ፊት ቀላል ነገር አይደለም፤ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ እዚያ የሚጻፍ ነገር ካለ «ቤት ሄጄ ላንብበው» በል። የሚያከብሩህ ሽማግሌዎች በዚህ አይቀየሙም። የተቆጣ ካለ እኔ ጋ አምጣው፣ ቡና አፍልቼ አስረዳዋለሁ።

መካኒኩ፦ እሺ እትዬ። ለጋራዡ ባለቤትም ግን አንዳንዴ አዝንለታለሁ። ባለሀብቱ ጉልበተኛ ነው፤ ጋራዡን አዘጋዋለሁ እያለ ያስፈራራዋል።

ጠበቃዋ፦ ልታዝንለት ይገባል። እኔም የጋራዥ ባለቤቶችን ወክዬ ቆሜ አውቃለሁ። ኢንሹራንስ የለውም፣ የሥራ ካርድ አይሞላም፣ ደንበኛው ሲጮህበት የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ማሽኑ ሲገባ በምን ሁኔታ እንደነበረ፣ የተገጠመው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳመጣው፣ ደንበኛው ምን እንደተነገረው ተጽፎ ደንበኛው ቢፈርምበት ኖሮ ዛሬ ለባለሀብቱ «ራዲያተርህን አጽዳ ብዬህ ነበር» ብሎ መልስ ይሰጠው ነበር። ያንን ሳያደርግ ቀርቶ፣ ጉልበተኛውን መጋፈጥ ከብዶት፣ ደካማውን ያዘ። ይህ ነው ጥፋቱ።

መካኒኩ፦ ደካማውን መያዝ ካሉ፣ ወንድሜ ግንበኛ ነው፣ እሱም ፈርቷል። አንድ ያሠራው ተቋራጭ «የተሰነጠቀው ግድግዳ አሥር ዓመት ይከተልሃል» ብሎታል።

ጠበቃዋ፦ አሥር ዓመቱ እውነት ነው፣ የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 3039፤ በውል ማሳጠርም አይቻልም። ግን ዋስትናው የተቋራጩ ነው። በቀን ሒሳብ ድንጋይ ያስቀመጠለት ግንበኛ ላይ አይወድቅም። ንገረው። አንተስ አሁን የት ነው የምትሠራው?

መካኒኩ፦ በበቆጂ መንገድ ላይ ትንሽ ቦታ ተከራይቻለሁ። አንድ ልጅም ለረዳትነት ልቀጥር ነው። ቶርክ መክፈቻውን አስቀድሜ ገዝቻለሁ።

ጠበቃዋ፦ እንኳን ደስ ያለህ። እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንቀጽ 2610 የሚናገረው ስለ አንተ ነው። ደንበኛ ከአንተ ጋር ሲዋዋል ውጤቱን በራስህ ኃላፊነት ነው የምታስረክበው፤ ጓርኒሲዮኑ የማይረባ ከሆነ አልገጥምም የማለት መብቱም ግዴታውም አሁን ያንተ ነው። ልጁ ሲሳሳት ደንበኛው የሚይዘው አንተን ነው። ከልጁስ ዋስ ትጠይቃለህ?

መካኒኩ፦ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ «አዎ» ነበር የምለው። ሁሉም ስለሚያደርገው።

ጠበቃዋ፦ ካስፈለገህ ጠይቅ፤ ከፍተኛውን መጠን በቁጥር ጻፍበት፣ ሰውየው ሊከፍለው የሚችለው ይሁን። የልጁን የሥራ ውል አብረን እናዘጋጃለን። ሲለቅህም የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ ስጠው፤ አንተም የተከለከልከው መብት ነው፣ በክሳችን ውስጥ እንጠይቀዋለን።

መካኒኩ፦ ክስ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም? ጊዜውስ?

ጠበቃዋ፦ ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም። አዋጁ ለችሎቱ የሰጠው ጊዜ ክሱ ከቀረበ ስልሳ ቀን ነው። አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚገባው፣ እኔ እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ ግን ለጋራዡ ባለቤት ደብዳቤ እልክለታለሁ፤ ደመወዙንና የፈቃዱን ከከፈለ፣ ማስረጃህን ከሰጠ፣ የኮምባይነሩን ነገር በባለሙያ ለማስመርመር ፈቃደኞች እንደሆንን እጽፍለታለሁ። በሰባት ቀን መልስ ካልሰጠ እንከሳለን። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያንተ በነሐሴ ይሞላል። ሰኞ ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤህን ቅጂ፣ ደመወዝ የተቀበልክበትን የባንክ ወረቀት፣ የዋስትናውን ቅጂና ፎቶዎቹን ይዘህ ና፤ ጓደኛህ ምስክር ለመሆን ፈቃደኛ ከሆነ እሱንም አስከትለው።